አበባ ምልክት ያለባት ካሜራ

እሁድ

«ካሜራው እስከ ሐሙስ ይገዛ» አለች ትርንጎ፣ ከፈረቃ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? ሐሙስ እያሱ የውትድርና ቃለ መሐላ ይፈጽማል፤ ወላጅ የተባለ ሁሉ ካሜራውን አንጠልጥሎ ነው የሚመጣው። የእኛዋ የፊልም ካሜራ ባለፈው ሰርግ ላይ አላጠነጥን ብላ እዚያው ሞታለች። ስለዚህ ዲጂታል ይሁን። እዚህ ድረስ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ቀጥላ፣ «ቅርብ የምታነሳ ትሁን። የእያሱን አባት ፎቶ እናነሳባታለን፣ ጨርሳ ሳትጠፋ» አለች።

የእያሱ አባት። በእኔ ፊት ስሙን ጠርታው አታውቅም። አየልኝ ይባላል። አዲስ አበባ ወደ እስራኤል የሚወስዳቸውን አውሮፕላን ሲጠብቁ ታሞ ሞተ፤ እሷ የአራት ዓመት ልጅ ይዛ ብቻዋን መጣች። ከሦስት ዓመት በኋላ እኔ አገባኋት። ይኸው አሥራ አንድ ዓመታችን። እግዜር ከእኔ ልጅ አልሰጣትም፤ እያሱን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ስብሰባ የሄድኩት እኔ፣ ብስክሌቱን ከኋላ የገፋሁት እኔ፣ ትኩሳት ሲይዘው ተሸክሜው የሮጥኩት እኔ። ጋሼ ይለኛል። ጋሼ ክፉ ስም አይደለም። ግን ሳሎን ቡፌው ላይ በፍሬም የተቀመጠው እኔ አይደለሁም።

ያለችው አንዲት ጉርድ ፎቶ ናት፣ የክብሪት ቀፎ የማታክል። ሁለት ነበሩ፤ አንዷን ለሆነ ፎርም ቢሮ ሰጥታ ሳትመለስላት ቀረች። ከዚያ ወዲህ ሌላዋ ከቤት አትወጣም ብላ ምላለች። ፎቶ ቤት ወስደን እናስገልብጣት ቢሏት አትሰማም። አሁን ፊቱ ደብዝዞ ዓይንና አፍንጫው በግምት ነው የሚለየው። እንግዳ ሲመጣ ግን ፍሬሟን አንስቶ «አየልኝ እኮ! ምን ዓይነት ጎበዝ!» ይላል። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ።

ስምንት መቶ ሼኬል አለኝ። ካሜራም ካርድም ከዚችው ነው።

ሰኞ

ከሥራ በቀጥታ አሮጌው ከተማ ወርጄ አንዲት ትንሽ ሱቅ ገባሁ። ሻጯ ኢራ የምትባል ሩሲያዊት ናት። የእሷም ዕብራይስጥ ያነክሳል፣ የእኔም ያነክሳል፤ ስለዚህ ቀስ ብለን በደንብ ተግባባን።

ሁለት አወጣችልኝ።

አንደኛዋ ጥቁር፣ ወፈር ያለች፣ ሦስት ሜጋፒክስል። አንድ ቁልፍ ላይ የአበባ ምልክት አለባት፤ እሱን ሲጫኑት አፍንጫ ድረስ ተጠግታ ታነሳለች። ግን ዋጋዋ ገንዘቤን ይበላዋል፤ ለካርድ የሚተርፈኝ 64 ሜጋባይት ብቻ። ሃምሳ ፎቶ ገደማ ትይዛለች።

ሁለተኛዋ ብርማ፣ ቀጭን፣ አራት ሜጋፒክስል። አበባ የላትም፤ ከአንድ ሜትር ወዲህ ያለውን ሁሉ ታደበዝዛለች። ግን ርካሽ ናት፤ በሚተርፈው ገንዘብ ባለ 256 ሜጋባይት ካርድ እገዛለሁ። መቶ ሃምሳ ፎቶ!

(ሣጥኑ ውስጥ በነፃ የምትመጣው ካርድ አሥር አንስታ ትሞላለች። እሷን ተዋት አለችኝ ኢራ። እሷ ለማታለያ ናት።)

«ምን ልታነሳባት ነው?» አለችኝ።

«ልጄን።»

«ከሩቅ ነው ከቅርብ?»

ምን ብዬ ልመልስ? የሚስቴን የድሮ ባል፣ ከቅርብ?

የሁለቱንም ወረቀት ተቀብዬ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ አነበብኳቸው፣ ቤትም አነበብኳቸው። ትርንጎ «ገዛህ?» ስትለኝ «ገና እያየሁ ነው» አልኳት። እውነቴን ነው፣ እያየሁ ነበር። አበባዋን ነበር የማየው። ያቺን ጥፍር የማታክል አበባ ስንት ጊዜ እንዳየኋት።

ማክሰኞ

ገዛሁ። ብርማዋን።

ፋብሪካ ውስጥ አብሮኝ ማሽን ላይ የሚቆመውን ደሳለኝን በምሳ ሰዓት ጠይቄው ነበር። ባለፈው የፔሳሕ በዓል ዲጂታል ገዝቶ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። «ካርድ ላይ አትሰስት!» አለኝ። «ሜጋፒክስል ይብዛ፣ ካርድ ይብዛ። የቀረው ጌጥ ነው!» ደስ አለኝ። ምክር ፈልጌ አልነበረም የጠየቅኩት፤ ምስክር ፈልጌ ነው።

ቤት ስገባ ትርንጎ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። አገላብጣ አየቻት። «ቅርብ ታነሳለች?»

«ቅርብ የምታነሳ በእኛ ገንዘብ አትገኝም አለች ሴትዮዋ።»

ኢራ እንዲህ አላለችም። ዋሸሁ። ትርንጎ «ይሁን» ብላ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። እኔ ሶፋው ላይ ተቀምጬ መቶ ሃምሳ ፎቶ፣ መቶ ሃምሳ ፎቶ እላለሁ። እንዳሸነፈ ሰው ነበር የተቀመጥኩት። እኔ ካልበላሁት ጭሬ ልድፋው ያለችው ዶሮ እኔ ነኝ።

ይህን ደብተር ማንም አያነበውም። ትርንጎ አማርኛ ማንበብ አልተማረችም፤ እያሱ የሚያነበው ዕብራይስጥ ነው። እንግዲያው አንድ ነገር ልጻፍ፣ ስድስት ዓመት ይዤዋለሁ።

ቡፌውን የገዛን ጊዜ ፎቶዋን እዚያ ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። መስኮቱ ትይዩ። እዚህ ሽኩና ሄ ሰፈራችን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ፀሐይዋ ምን እንደምትሠራ አውቃለሁ፤ መጋረጃ በሁለት በጋ ነው የምትጨርሰው። አውቄ ነው ያደረግኩት። አልቀደድኳትም፣ አልጣልኳትም፣ ክፉ ቃል አልተናገርኩም። ፀሐይ ትሥራው አልኩ። ሥራዋን ሠራች። ጠዋት ጠዋት ሻይ እየጠጣሁ አየው ነበር፤ መጀመሪያ ጥላው ሄደ፣ ቀጥሎ ከንፈሩ። ሰው በሙት ይቀናል? እኔ ቀናሁ። በሕይወት ያለ ቢሆን ቢያንስ ያረጅ ነበር፣ ይሳሳት ነበር፣ ከትርንጎ ጋር ይጣላ ነበር። ይሄ ግን አንድም ቀን አላጠፋም።

ረቡዕ

አመሻሽ ላይ ስገባ ትርንጎ ሳሎን ወለሉ ላይ ተንበርክካለች። ፍሬሟ ፊቷ ተቀምጣለች፣ ካሜራዋ እጇ ላይ። ስትጠጋ ነጭ ጭጋግ ይሆናል። ስትርቅ ይጠራል፣ ግን ፊቱ ሽንብራ ያክላል። እንደገና ትጠጋለች። እንደገና ትርቃለች። ቆሜ አየኋት። ለእኔ እንዲህ ተንበርክካ አታውቅም ብዬ አሰብኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያሰብኩት ይህንን ነው።

«አጥፋልኝ እስቲ» ብላ ሰጠችኝ። ሃያ ሦስት አንስታለች። አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመርኩ። ቁልፉን በተጫንኩ ቁጥር ማሽኗ እርግጠኛ ነህ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ነኝ እላለሁ።

«ፈንታሁን» አለች፣ ሳታየኝ። «መስኮቱ ጋ ማን እንዳስቀመጣት የማላውቅ መሰለህ?»

ካሜራዋን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።

«ዓርብ ዓርብ አቧራዋን እጠርጋለሁ አይደል? ጠርጌ እዚያው እመልሳታለሁ።»

«ለምን አላነሳሻትም ታዲያ?»

«ባነሳት አንተ ምን ልትሆን ነበር? ለሞተ ሰው ብዬ ትዳሬን ልበጥብጥ?» ፍሬሟን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለች። «እሱ እንደሆነ ሞቷል። ማታ ማታ በሬን የምታንኳኳው አንተ ነህ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ግን እውነቱን ልጻፍ፤ ከእፍረቱ በፊት የመጣው ደስታ ነው። ለእኔ ብላ እንዲደበዝዝ ትታዋለች! ስድስት ዓመት፣ ዓርብ ዓርብ! ደስታው ግን አንድ ደቂቃም አልቆየ።

«አሁን እኔ አይደለሁም የፈለግኩት» አለች። «ልጁ ነው የጠየቀኝ። ስልክ ደውሎ።»

እያሱ። እንደገና ቀናሁ። እያሱ ደግሞ ምን ጎደለበት? ከእኔ ምን አጣ?



ሐሙስ

በሁለት አውቶቡስ ደረስን። አቧራ፣ ባንዲራ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ እናቶች በየዓይነቱ። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ካሜራው የሱጎ ጣሳ የሚያክል መነጽር አላት፤ በእሱም ቀናሁ። ቅናት አንዴ ከለመደ ቦታ አይመርጥም።

ብርማዋ አላሳፈረችኝም፣ ልመስክርላት። ከሩቅ ጥርት አድርጋ ታነሳለች። እያሱ ሲሰለፍ፣ መሣሪያውንና ኦሪቱን ሲቀበል፣ «እምላለሁ» ብሎ ሲጮኽ፤ መቶ ሃያ አንድ አነሳሁ። ካርዷ ገና ቦታ ነበራት። ትርንጎ አለቀሰች፣ እሷንም አነሳኋት። እኔም አልቅሻለሁ፤ እሱን ያነሳ የለም።

ሲያበቃ እያሱ ሮጦ መጣ። እናቱን ከመሬት አነሳት። እኔን ትከሻ ለትከሻ ሳመኝና ካሜራዋን ነጠቀኝ። «ኤዜ ዮፊ ጋሼ! እንዴት ያምራል!» እያለ አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣

«የአባስ? የአባን አነሳችሁት?»

ትርንጎ ጫማዋን ማየት ጀመረች። አላጋለጠችኝም። ብታጋልጠኝ ይሻል ነበር።

«መታወቂያዬ ውስጥ ላደርጋት ነው» አለ እያሱ። ደስታው ገና ፊቱ ላይ ነበር። «አታ ሜቪን ጋሼ፣ ገባህ? ጠዋት መስታወት ፊት ስላጭ ከሱ የቱን እንደወሰድኩ አላውቅም። አይኑን ይሁን፣ አፍንጫውን ይሁን። ቤት ያለው ፎቶ ምንም አይታይበትም።»

ምንም አይታይበትም። አባቱን የወሰድኩበት እኔ ነኝ። የማሳድገው ልጅ በየጠዋቱ መስታወት ላይ ሰው ሲፈልግ እኔ ሻይ እየጠጣሁ ፀሐይቱን አመሰግን ነበር።

«ነገ ስትመጣ ታገኛታለህ» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። ትርንጎ ቀና ብላ አየችኝ።

ዓርብ

ሱቁ ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። «አበባ ያለባትን ስጪኝ» አልኳት። ኢራ ብርማዋን አየች፣ እኔን አየች። «ጠይቄህ ነበር እኮ፣ ከሩቅ ነው ከቅርብ ብዬ» አለች። አልተቆጣችም። የትናንቱን መቶ ሃያ አንድ ፎቶ ሲዲ ላይ ገለበጠችልኝ፤ ብርማዋንና ትልቁን ካርድ መልሳ ተቀበለችና ጥቁሯንና ትንሹን ካርድ ሰጠችኝ። ሣጥኗ ስለተከፈተ ትንሽ ቆረጠችብኝ። አልተከራከርኩም።

ትርንጎ ለሰንበት ታበስል ነበር። ጥቁሯን ካሜራ ሳሳያት እጇን አደራረቀች። ፎቶዋን ከፍሬሟ አወጣናት፤ በረንዳ ላይ ጥላው ውስጥ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጥናት። አበባዋን ተጫንኩ። የመጀመሪያው ደበዘዘ፤ ካሜራዋ ሳትሆን እጄ ነው። ሁለተኛውም። በሦስተኛው ትንፋሼን ያዝኩ።

ካሜራዋ ጀርባ ላይ ምስሉን የሚያጎላ ቁልፍ አለ። አንዴ ስጫነው ፊቱ መጣ። ሁለቴ ስጫነው ቅንድቡ መጣ። በዓይን የማይታየው ሁሉ እዚያ ነበር፤ ፀሐይ ጨርሳ አልበላችውም። ወደ ታች ሳወርደው የኮቱ ኮሌታ መጣ። ግራው ላይ በነጭ ክር የተሰፋ ቦታ አለ።

ያንን ስፌት አውቀዋለሁ።

አዲስ አበባ፣ ለፎርሙ ፎቶ የምንነሳበት ቤት፣ በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ የሚሰቀል አንድ ኮት ነበር። ወንዱ ሁሉ ተራ በተራ የሚለብሰው። ይለበሳል፣ ቀጥ ተብሎ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ አውልቆ ለሚቀጥለው ሰው ማቀበል ነው። እኔም ለብሼዋለሁ። ስለብሰው ከፊቴ ከነበረው ሰው ሙቀት አልበረደም ነበር። እሱ ይሁን ሌላ፣ እንጃ።

ለእኔ ጠቦኝ ነበር። ለእሱ ሰፍቶታል፤ ትከሻው አልሞላውም፤ አንገቱ ከኮሌታው መሃል እንደ ክር ቀጥኗል። ፈርቷል። ካሜራ አይቶ የማያውቅ ሰው ዓይን ነው ያለው።

«ስንት ዓመቱ ነበር?» አልኳት፣ ወደ ድስቷ ተመልሳ ነበር።

«ሃያ ሦስት አልሞላውም።»

እያሱ አሥራ ስምንት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የቀናሁት በልጅ ነው።

«እያሱ የወሰደው የአየልኝን ቅንድብ ነው» አልኩ። ትርንጎ ስሙን ከአፌ ስትሰማ ማማሰያዋን ይዛ መጣች። ጎንበስ ብላ አየች። ብዙ አየች። በጣም ብዙ አየች። ልቤ እንደገና ሲቆጣ ተሰማኝ፤ እሱ እንደሆነ ዘንድሮም ሃያ ሦስት አልሞላውም፣ እኔ አርባ አምስት ነኝ፣ ከነሆዴ። ቅናቱ የለቀቀኝ መስሎኝ ነበር። አልለቀቀኝም። ግን ከዚያ ሁሉ ጋር ያን ኮት ደህና አድርጌ ላስተካክልለት፣ እጅጌውን ልጠቅልልለት አማረኝ። ሁለቱ ስሜት እንዴት አንድ ሆድ ውስጥ እንደሚያድር አላውቅም።

ሰንበት ሊገባ ነው፣ መጻፌን ማቆም አለብኝ። የወታደር ጫማ ደረጃው ላይ ይሰማል። ካሜራዋን አንስቼ ለትርንጎ ዘረጋሁላት፣ እሷ እንድታሳየው ብዬ። ባሏ ነበር፣ ልጇ ነው። አልተቀበለችኝም።

«አንተ አሳየው» አለች።