በክር የታሰረው ፍሬ

ውድ እህቴ፣

«እማዬን የገደላት ልቧ አይደለም፤ ያንተ ሐቅ ነው። አንተ የሰው ዓይን ማንበብ የማትችል ድንጋይ ነህ። በመጨረሻው ሳምንት ስላንተ የተናገረችውን እኔ ይዤው እቀራለሁ። አትሰማውም።»

ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት። ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ ድራጎን ፍሩት የሚባለውን ቁልቋል መሳይ የእማዬን ተክል ከነባልዲው ደጄ ላይ አስቀምጠሽ ስትሄጂ ግንዱ ላይ ያሰርሽው ወረቀት ይህን ይላል። በሩን አላንኳኳሽም። ሥራ ልሄድ ስወጣ እሾሁ ሱሪዬን ያዘኝ።

ሦስት ነገር ጽፈሻል። አንዱ ስሕተት ነው፤ እሱን አርማለሁ። አንዱ ካሰብሽው በላይ እውነት ነው፤ እሱንም እነግርሻለሁ። ሦስተኛውን እጠይቅሻለሁ።

ከአራት ዓመት በፊት ከምትሠሪበት ሆቴል ጓሮ የተክሉን አንድ ስንዝር ቁራጭ ይዘሽላት ስትመጪ እዚያው ነበርኩ። «ምነው ልጄ፣ ቁልቋል? በረንዳዬን አጥር ልታጥሪው ነው?» አለችሽ። ፍሬውን በስልክሽ አሳየሻት። ስልኩን ዓይኗ ሥር አስጠግታ ብዙ አየችው። «ይሄ ከእሾህ ነው የሚወጣው?» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተክሉ ለእሷ ሰው ሆነ። የቀለም ባልዲ ቂጡን በስታ አሸዋና አፈር ቀላቀለች፣ መሐሉ ላይ ምሰሶ አቆመች። አርባ ዓመት ልብስ የሰፋችበትን ሜትር አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ በየእሑዱ ትለካው ነበር። ውኃ እንዳታበዢበት አንቺን ትቆጣሽ ነበር፦ «ይሄ እንደኔ ነው፤ ጥቂት ይበቃዋል፤ ካበዛሽበት ይበሰብሳል።» ሐኪሙ ልቧ እንደደከመ በነገረን ቀን ደግሞ ከሐኪሙ ቤት ወጥተን ደረጃ ስንወርድ ክንዴን ይዛ፣ «ፍሬውን ሳላይማ የትም አልሄድም» አለች። ሳቅን። አንቺ ግን የምር ወሰድሽው፤ እሱን ኋላ ነው ያወቅኩት።

እንግዲህ ያ ቅዳሜ።

በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። «ዳኛው መጣ፤ ጫማህን ተወው፤ ቶሎ ና» አለች። ዳኛው ያለችኝ ገና በስምንት ዓመቴ፣ ዳቦ በማስመሪያ ለክቼ ሳካፍልሽ ነው። እየጎተተች በረንዳ ወሰደችኝ። ቀይ ፍሬ ከአንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ተንጠልጥሏል።

«ዳኛው ሳይመጣ አይቆረጥም ብዬ ሦስት ቀን ጠበቅኩህ» አለች።

«አበባውን መቼ አያችሁት?» አልኳት።

«ሌሊት አብቦ ነዋ። ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው አሉ የሚያብበው። እኔ ዓይኔ ጨልሟል፣ እሷ ከሥራ ደክማ ትመጣለች። ማን ያየዋል?»

«እማዬ፣ ከአበባ እስከ ፍሬ ከወር በላይ ይፈጃል። ወር ሙሉ ሲያብጥ ማንም አላየውም?»

አንቺ ያን ቀን ከሥራ ቀርተሽ ከኋላዋ ቆመሽ ነበር። «ወንድምጋሼ፣ ሻይ ቀድቻለሁ፤ ግባ፣ ይቀዘቅዛል» አልሽ። ድምፅሽ የለመድኩት ድምፅ አልነበረም። ዓይንሽ ይለምን ነበር።

ስሕተትሽ እዚህ ላይ ነው። ድንጋይ አልነበርኩም። ዓይንሽን አንብቤዋለሁ፤ ከፊደል ይልቅ ግልጽ ነበር። ፍሬውን ገዝተሽ አንቺ እንዳሰርሽው፣ ለምን እንዳሰርሽው፣ ምን እንድልልሽ እንደምትፈልጊ ሁሉ ገባኝ። «አልገባኝም ነበር» ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አልችልም። ገብቶኝ ነው ያደረግኩት። ሠላሳ ዓመት የባለሱቅ ሚዛን ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከሚዛን ሳህን ሥር የተለጠፈ ነገር ሳይ እጄ ከኔ ቀድሞ ይሄዳል። አሁንም ሄደ። ፍሬውን ከቅርንጫፉ ጋር ያሰረውን አረንጓዴ ክር በጥፍሬ በጠስኩና መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት።

ስምሽን አልጠራሁም። አንድም ቃል አልተናገርኩም። ይህን ለራሴ ጥብቅና ስንት ሌሊት ደጋግሜዋለሁ።

ክሩን በሁለት ጣቶቿ አሻሸችው። ዓይኗ ባያይም ጣቷ ያያል። ቋጠሮው ላይ ስትደርስ ቆመች። «ይሄማ የኔ አቋጠር ነው፤ ሁለቴ ዞሮ በሥሩ የሚያልፍ» አለች፤ ቀስ ብላ፣ ለማንም ሳይሆን። ይህን ቋጠሮ ለአንቺ ብቻ ነው ያስተማረችው። እኔ መርፌ ክር ማስገባት እንኳን አልችልም።

ከዚያ፣ «በሉ ቁረጡትና ብሉት፤ እንዳይበላሽ» አለች። እሷ ጥርሴን አሞኛል ብላ አልቀመሰችም። እኔ በላሁ። ውኃ ውኃ ይል ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ማረፏን ልትነግሪኝ ደወልሽልኝ።

አሁን ወደ ሁለተኛው። ተክሉን ደጄ ካስቀመጥሽው በኋላ ሥሩ መለስለስ ጀመረ። ችግኝ ሻጩ ጋ ወሰድኩት። ሰውየው ቁጢጥ ብሎ ዙሪያውን አየውና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይሄን ማነው ፀጉር ቤት የወሰደው?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ጫፉ ሁሉ እኩል ተከርክሟላ። ይሄ እኮ የሚያብበው ከምሰሶው አልፎ ወደ ታች በሚንጠለጠለው ክንዱ ላይ ነው። እንዳይንጠለጠል እየቆረጣችሁት በየት በኩል ያብብ?»

«ገና ዕድሜው አልደረሰ ይሆናል» አልኩት።

«ግንዱን አላዩትም? ዘንድሮም አምናም ማፍራት ነበረበት። ጥፋቱ እጅዎ ላይ ነው ያለው እንጂ ተክሉስ ደኅና ነበር» አለኝ። እጅዎ ያለው እንዲሁ በአነጋገር ነው። እኔ ግን እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

የከረከመው እኔ ነኝ። አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ስለምትገቢ አላየሽኝም። ቅርንጫፎቹ ከበረንዳው ብረት አልፈው ሲወርዱ ዓይኔን ይረብሹኝ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ የራሷን ሜትር ከአንገቷ ወስጄ፣ የራሷን መቀስ ከመሳቢያ አውጥቼ ከብረቱ ጋር አስተካክለው ነበር። «ተወው ልጄ፣ ይውረድ፤ ምን አደረገህ?» ትለኝ ነበር። «ሥርዓት ያስፈልገዋል» እላት ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ አደረግኩ። የገዛ ፍሬዋን፣ ማንም ክር ያላሰረውን፣ በእጇ ልትይዝ ትችል ነበር። አንቺም የሐሰት ፍሬ መግዛት ባላስፈለገሽ። ይህን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ችግኝ ሻጩም ማን እንደቆረጠው አልነገርኩትም። አሁን አንቺ ታውቂያለሽ። በደብዳቤሽ ላይ ጨምሪው።

ይቅርታ እንድታደርጊልኝ አይደለም የምጽፈው። ሐቄ ገደላት ላልሽውም ሙግት የለኝም፤ ከክሩ ሐቅ በፊት የመቀሱ ጥፋት አለ። ነገር ግን ስለኔ የተናገረችው የኔ ነው። ከሞተ ሰው የተላከ መልእክት ተቀባዩ እያለ በሌላ ሰው እጅ አይቀርም። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሁለት ጊዜ መጥቼ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር ያገኘኋት። ተኝታ ይሁን ተቀይማኝ አላወቅኩም። ትከሻዋን ነክቼ መጠየቅ ስችል ደረጃውን ወረድኩ።

ስለዚህ እስከ መጪው ወር አሥራ አምስት ቀን ድረስ በጽሑፍ መልሺልኝ። በስልክ አይሁን፤ በስልክ ታለቅሻለሽ፣ እኔም እቆጣለሁ፣ ቃሉም ይጠፋል። እሷ እንዳለችው ጻፊው፤ አታሳምሪው፣ አታክርሪውም። ርግማን ከሆነ ርግማኑን ጻፊ። ስሜን ጠርታ ዝም ካለች፣ ስሙን ጻፊና ዝም እንዳለች ጻፊ። ምንም ካላለች፣ አንቺም እኔን ለመቅጣት ብለሽ የጻፍሽው ከሆነ፣ «ምንም አላለችም» ብለሽ ጻፊ፤ አልከስሽም። ደግ ነገር ተናግራ ከሆነ ግን እሱን ደብቀሽ አትራሪልኝ። ከሁሉም የምፈራው እሱን ነው፤ እሱንም ጻፊው።

ወንድምሽ