ያልመጣ ሁሉ ለሚድንበት የቆዳ ሕክምና ክፍል

ለተከበሩ የቆዳ ሕክምና ክፍልና የቁንጭር ጥናት ኃላፊ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንደ መዝገብዎ ያማረ፣ ፊትዎም ከቁስል የጠራ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል በሂሳብ ምክንያት በሰላም የተሰናበትኩ፣ የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም ነኝ። እቴቴ፣ ማለትም ታላቅ እህቴ፣ የአሸዋ ዝንብ ነክሷት ግራ ጉንጯ ላይ በወጣው ቁንጭር የተነሳ በክፍልዎ ሃያ መርፌ በጽናት ተወግታለች። ስለ መርፌው መቀመጫዋ የራሱን ደብዳቤ ይጻፍ፤ እኔ የምጽፈው ስለ መዳኗ ነው።

ባለፈው ሰኞ ካርዷ ላይ «ድናለች» የሚል ቀይ ማኅተም ተመትቶ አገኘን። ምሥራቹን ያልሰማው ቁስሉ ብቻ ነው። በስፌት ሜትሯ ስትለካው፣ መርፌ ስትጀምር ሁለት ሴንቲ የነበረው አሁን ሦስት ተኩል ገብቷል፤ ጫፉም አፍንጫዋን መንካት ጀምሯል። ሁለተኛ ዙር መድኃኒት ብንለምን በመስኮቱ «ለዳነ ሰው መድኃኒት አይሰጥም» ተባልን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ ጥርጣሬዎቼን ከታላቅ አክብሮት ጋር በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቀጠሮው። በክፍልዎ መርፌ የሚጀመረው ሰኞ ብቻ ነው፤ ውጤቱ የሚታየው ደግሞ ዘጠና ቀን ሲሞላ ነው። አሥራ ሁለት ሳምንት ሰማንያ አራት ቀን ይሆናል፤ ይኸውም መልሶ ሰኞ ላይ ይጥለናል፤ ስድስት ሲጨመርበት እሑድ። እሑድ ደግሞ ክፍሉ ዝግ ነው። በሂሳብ የወደቅሁት እኔ በጣቴ ቆጥሬ የደረስኩበትን፣ ይህን ያህል የተማረ ሰው ጥናቱ በቆየበት አራት ዓመት ውስጥ አላየውም ማለት ስለሚከብደኝ፣ አይተውታል ብዬ ለማሰብ ተገድጃለሁ። ያን እሑድ እቴቴ ሻሿን ተከናንባ ብትሄድ፣ ዘበኛው «ዛሬ ሐኪም የለም እትዬ፣ ቁስሉም ይረፍ እንጂ!» ብሎ ከበር መለሳት።

ሁለተኛ፣ በማግስቱ ሰኞ ስንመለስ መዝገብ ያዡ በቀጠሮው ቀን ያልተገኘ ሁሉ «ድኗል» ተብሎ እንደሚዘጋ አስረዳን። ለምን ብዬ ብጠይቀው በድንቁርናዬ እያዘነ «ባይድን ኖሮ ይመጣ ነበራ!» አለኝ። መጥታ ነበር ስለው ደግሞ «አንተ ልጅ፣ ዘበኛ መዝገብ አይጽፍም» አለኝ። ግድግዳችሁ ላይ የተለጠፈው «ከመቶ ዘጠና አራቱ ድነዋል» የሚል ወረቀት የገባኝ ያኔ ነው። ያልገባኝ የቀሩት ስድስቱ ናቸው፤ ምናልባት አጥር ዘለው ገብተው ይሆናል።

ሦስተኛው የደሙ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቅብኛል። ሐኪሟ፣ ደግ ሴት ናቸው፣ መድኃኒቱ ተውሳኩን ያዳክመዋል እንጂ የሚጨርሰው የሰውነት መከላከያ መሆኑን፣ የአንዳንዱ ሰው መከላከያ ጠላቱን ሳያይ ተኝቶ እንደሚያሳልፍ፣ የሌላው ደግሞ ከልክ በላይ ተቆጥቶ የገዛ ሥጋውን እንደሚያቆስል ነግረዋት፣ «የአንቺ የትኛው እንደሆነ ደምሽ ይናገራል» ብለው ሁለት ብልቃጥ ቀዱላት። ደሙ እስከ ዛሬ አልተናገረም። ላቦራቶሪ ሄጄ ብጠይቅ «ለጥናት ነው፤ ለባለቤቱ አይነገርም» ተባልኩ። ይሁን። ግን ጌታዬ፣ ጥናታችሁ ከዳነውና ካልዳነው ደም ልዩነት የሚፈልግ ከሆነ፣ ያልዳነችውን የእቴቴን ብልቃጥ ከዳኑት ጎን ደርድራችሁ ምኑን ከምኑ ልትለዩ ነው? ነገ «ልዩነት አላገኘንም» ብላችሁ ብትጽፉ እኔ አልስቅም፤ የእህቴ አፍንጫ ነውና።

ሐሜተኛ እንዳልባል ከእሷ ጋር መርፌ የጀመሩትን አሥራ አንድ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞርኩ «እንኳን ደስ አላችሁ፣ ድናችኋል!» አልኳቸው። ሰባቱ ፋሻቸውን ፈተው አሳዩኝ። አናጺው ሽማግሌ «ልጄ፣ መዳኔን ገና ከአንተ መስማቴ ነው፤ እስቲ ለእግሬም ንገርልኝ» አሉኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛስ ገልጠን አሳይተን ነበር፣ የደበቀልን መዝገብዎ ነው።

ስለዚህ ያለ መድኃኒት በማኅተም ብቻ ስላዳኑን እያመሰገንኩ፣ ቁስሉ ወደ አፍንጫዋ ውስጥ ከመዝለቁ በፊት ያን ቀይ ቃል ሰርዘው በሚመጣው ሰኞ ሁለተኛውን ዙር እንዲያስጀምሩልን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

በመዝገብዎ የዳነችው፣ በመስታወቷ ግን ያልዳነችው ሴት ወንድም፣
ሰፈሩ «ነገር ቆስቋሽ» የሚለኝ፣ እርስዎ ግን «ታዛዥዎ» ቢሉኝ ደስ የሚለኝ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልስዎን እስከ እሑድ እጠብቃለሁ። እኔም የመዝገብ አያያዝዎን ተምሬያለሁና፣ እስከዚያ ያልመለሰ ኃላፊ «ተስማምቷል» ተብሎ ይዘጋል፤ ሰኞ ጠዋትም እቴቴንና ሰባቱን ይዤ መስኮቱ ጋ እገኛለሁ። ባይስማሙማ ኖሮ ይመልሱ ነበራ!