የሳይረናችን አንጎል ወደ ዋና ከተማ ስለ መዛወሩ

ለክቡር ዶክተር ፋብሪሲዮ ሌጊሳሞን፣
የወንዞች ማስጠንቀቂያ ቴክኖሎጂ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቦጎታ ይበርዳል ይባላልና እግዚአብሔር ከጉንፋን ይጠብቅዎ። እኛ በጉዋሪፓ ወንዝ ዳር የምንኖር የላ ፕላይታ ሰዎች ለጊዜው ደህና ነን።

አንደኛ፣ ስለ ዘመናዊ አሠራርዎ እናመሰግናለን። ውሃውን የሚለካው፣ የሚመዘግበው፣ «የጎርፍ ሳይረኑ ይጩህ» ብሎ የሚወስነው፣ ሁሉም ትንንሽ ፕሮግራሞች ድልድያችን ላይ ባለችው ሣጥን ውስጥ አብረው ይኖሩ ነበር። ባለሙያዎችዎ ግን የትኛው ስንቴ እንደሚሠራ ቆጥረው፣ ሲለካ የሚውለውን እዚሁ ትተው፣ ዓመቱን ሙሉ ዝም የሚለውን ወሳኙን እናንተ ዘንድ ወዳለው ትልቅ ሰርቨር አዛወሩት። ሥራ ፈት ነው ተብሎ! እሱ ሥራ ያገኘ ቀን እኛ ቤት እንደማይኖረን የነገራቸው የለም መሰለኝ።

ሁለተኛ፣ በየወሩ በመጀመሪያው እሑድ፣ በጠራራ ፀሐይ ሲሞከር፣ ሳይረኑ አንጀት በሚያርስ ድምፅ ይጮኻል። ሲዘንብ ግን ከሁሉ በፊት የሚጠፋው ኔትወርክ ነው፤ ያለ እሱ ደግሞ እናንተ ዘንድ ያለው ወሳኝ «ጩህ» ቢልም ሳይረናችን አይሰማውም። ይህንኑ ለመሐንዲስዎ ብነግረው፣ «ዶኛ ኤዲልማ፣ አያስቡ፤ እኛ ጋ ሁሉም አረንጓዴ ያሳያል» አለኝ። «እኛም ጋ አረንጓዴ ነው ልጄ፤ ጫካ ነዋ!» አልኩት።

ሦስተኛ፣ ቢቸግረን ከከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር መከርን፤ ውሃው ሲመጣ ከላይ ያየ ሾፌር ክላክስ ይነፋል፣ እኛ ወደ ኮረብታው እንሮጣለን። ነገ ግን የሾፌሮች ጠባቂ የካርመን እመቤት በዓል ነው። መኪኖቹ አበባ ለብሰው በወንዙ ዳር ሲሰለፉ ቀኑን ሙሉ ክላክስ ሲነፋ ይውላል። ልጄ ማሪትሳም ሁለቱን ሕፃናት ይዛ እዚያው የበቆሎ ቂጣችንን፣ አሬፓ ትሸጣለች። እባክሽ ቅሪ ብላት፣ «እማዬ፣ በዓል ነው እኮ፤ አታሟርቺ!» አለችኝ። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ዶክተር።

ስለዚህ ያንን ሥራ ፈት ፕሮግራም ወደ ድልድያችን እንዲመልሱልን በትሕትና እለምናለሁ።

ከሩቅ ሆነው ስለሚያስቡልን ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳዎ፣
ኤዲልማ ባሮሶ፣ ከወንዙ አሥር እርምጃ ላይ።

በበዓሉ ጠዋት የተጨመረ፦ ኔትወርክ ስለሌለ ደብዳቤውን በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። ተራራው ላይ ሲዘንብ አድሯል፤ ወንዙ ግን ጎድሎ ድንጋዩ አግጥጧል። የሣጥንዎ መብራት አረንጓዴ ነው፤ ውሃው ዝቅ ብሏላ። እየዘነበ የሚጎድል ወንዝ ከላይ ናዳ ዘግቶት እየተጠራቀመ እንደሆነ ግን እዚህ ማንም ያውቃል። ይኸው ክላክስ ተነፋ። ለእመቤታችን ይሁን ለውሃው አልለየሁም፤ እርስዎ ሰርቨርዎን ይጠይቁልኝ፣ እኔ ልጆቼን ላመጣ ሄድኩ።