እናንተ ቤት ብቻ የማይጠፋው ላፕቶፕ

ለክቡር አቶ ቱሙሂምቢሴ
የላፕቶፕ ሽያጭና ጥገና ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ
ካምፓላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎን፣ የልጆችዎን፣ እንዲሁም በመጠበቂያ ክፍላችሁ መስኮት ሥር ውኃ እየተጠማች የምትኖረውን አበባ ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሚስቴን እንዳላገባ ከመከልከሌ በቀር ምንም የጎደለብኝ ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ለወቀሳ እንዳይመስልዎ። በግል የላክኋቸውን ደብዳቤዎች ሁሉ በደግነት ተቀብላችሁ፣ እንዳይቆሽሹ በማሰብ ሳትከፍቱ ስላስቀመጣችሁልኝ፣ አገር ምድሩ ሲያነበው ምናልባት እናንተም አብራችሁ ታነቡት ይሆናል ብዬ ነው። ሥራዬ በየድግሱ ሙዚቃ ማጫወት ሲሆን፣ ከማዕከልዎ የገዛሁት ላፕቶፕ ደስ ባለው ሰዓት ድርግም ይላል። ባትሪው ሞልቶ ይጠፋል፣ ከመብራት ተሰክቶ ይጠፋል፣ ምንም ሳይሠራ አርፎ ተቀምጦም ይጠፋል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ማዕከላችሁ አየር አመሰግናለሁ። ላፕቶፑ የእናንተን ደጃፍ ሲረግጥ የሚያገኘውን ጤና የትም አላየሁም። ባለሙያዎ አቶ ኦጓል ከጠዋት እስከ ምሳ ድረስ አብርተው ሲያዩት አንዴም ዓይኑን ሳይጨፍን ዋለ። «ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ከእኔም ከእርስዎም የተሻለ ጤነኛ ነው። ምናልባት እርስዎን አልወደደዎት ይሆናል» አሉኝ። አቅፌው ወጣሁ፤ ታክሲው ሰው ሳይሞላ ላፕቶፑ ጠፋ። ሮጬ ተመለስሁ፤ በራችሁን ስገባ ያለምንም ችግር በራ። አቶ ኦጓል ከዚያን ቀን ጀምሮ ከላፕቶፑ ይልቅ እኔን ነው በትኩረት የሚመረምሩት።

ሁለተኛ፣ በማኅተም አስደግፋችሁ ስለሰጣችሁኝ የባለሙያ ምክር አመሰግናለሁ። ወረቀቱ «ሲጠፋ መልሰው ያብሩት» ይላል። እኔ መሃይሙ ሲጠፋ ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር። ሲያነሱት ሆዱ ውስጥ የላላ ነገር ኳ ኳ እንደሚል ባመለክትም፣ ድምፅ ብልሽት እንዳልሆነ በትህትና ተነግሮኛል።

ሦስተኛ፣ ስለ ዋስትና ደንባችሁ ጥራት አመሰግናለሁ። ብልሽቱ በማዕከሉ ባለሙያ ፊት ካልታየ በቀር ብልሽት ተብሎ እንደማይመዘገብ ደንቡ በግልጽ ይደነግጋል። እንግዲያውስ ድግስ ላይ መጥተው ይዩልኝ ብዬ አቶ ኦጓልን ብለምናቸው፣ «ወንድሜ፣ ከዚህ በር ከወጣሁማ ባለሙያ አይደለሁም፤ የሚስቴ ባል ነኝ» አሉኝ። እኔ የማንም ባል መሆን ስላልቻልኩ ላፕቶፔን አቅፌ ወጣሁ።

አራተኛው ረዘም ስለሚል ወንበር ይሳቡ። እርስዎ የምዕራብ ኡጋንዳ ሰው ስለሆኑ የእኛን የባጋንዳዎችን ሥርዓት በደንብ ላያውቁት ይችላሉና፣ የኩዋንጁላችንን፣ ማለትም የሽምግልናችንን ቀን ነገር ከሥሩ ልንገርዎ።

እጮኛዬን ናሙቢሩን ከወላጆቿ ለመጠየቅ ካንዙ የሚባሉትን ነጫጭ ረጃጅም ቀሚሶቻችንን ለብሰን ማሳካ ከተማ፣ ከአባቷ ከአቶ ሰማንዳ ግቢ ደረስን። እነሱ በአንዱ ድንኳን፣ እኛ በፊት ለፊቱ ተቀመጥን። በዚህ ቀን ሙሽራ አፉን አይከፍትም፤ ስለ እሱ የሚናገርለት አፈኛ ሰው ይዞ ይሄዳል። እኔም ዝም ብዬ መቀመጥ ስላለብኝ ዘፈኑን እንዲያጫውት ላፕቶፑን ለጓደኛዬ ለኪዛ አደራ ሰጠሁት። የመጀመሪያዎቹ ልጃገረዶች በዘፈን ታጅበው ወጥተው ተንበርክከው ሰላምታ ሰጡን፤ ሁለተኞቹም እንዲሁ። ከዚያ ናሙቢሩ ራሷ የመረጠችው ዘፈን ጀመረ። ትከሻው የቆመ ሰፊ የባህል ቀሚሷን፣ ጎሜሲዋን ለብሳ በሩ ላይ ብቅ አለች፤ አንድ እግሯን አወጣች፤ ላፕቶፑ ድርግም አለ።

ልጅ ያለ ዘፈን አትወጣም። ስለዚህ አንድ እግሯ ውስጥ፣ አንድ እግሯ ውጭ ሆና ቆመች። ኪዛ ምክራችሁን ተከትሎ መልሶ አበራው። ናሙቢሩ ሁለተኛ እግሯን አነሳች፤ ጠፋ። የእነሱ ተናጋሪ ደግሞ እንጀራው የእኛን ስህተት እየለቀመ መቅጣት ነው። «ምነው እናንተ ሰዎች? ልጅ ጠርታችሁ ዝም? ሐሳባችሁን ቀየራችሁ እንዴ?» ብሎ አንድ ሳጥን ለስላሳ ፈረደብን። ሁለተኛው ላይ ፍየል ፈረደብን። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠፋ ግን የሚስቅ ሰው አልነበረም።

በዚህ መሀል የእኔ ተናጋሪ ደንግጦ፣ «ችግር የለም! መኪና ውስጥ ሌላ ላፕቶፕ አለን!» ብሎ ጮኸ።

ይህን ጊዜ አባቷ አቶ ሰማንዳ ብድግ አሉ። «ቆይ፣ ቆይ። ይሄ ልጅ ዕቃው ቢታመምበት ሳይውል ሳያድር ሌላ ያመጣል ማለት ነው? እና ነገ ልጄ ታማ ብትተኛበትስ?» ድንኳኑ በሙሉ «እህህ!» አለ። እህታቸው ናሉዎጋ፣ ማለትም ልጅቷን ለትዳር ያዘጋጇት ሴንጋዋ፣ «የጠራት ያ ዕቃ ነው፤ ጥሪውን የሚጨርሰውም ያው ራሱ ነው። አለቀ» ብለው አሳረጉበት። ወንድሟ እኛ ያመጣንለትን አውራ ዶሮ በእግሩ ገፋ አድርጎ መለሰልን፤ ያን ዶሮ ካልተቀበለ ደግሞ ጋብቻ የሚባል ነገር የለም። ናሙቢሩ ያወጣችውን እግሯን መልሳ ገባች።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ላቁመውና፣ እኔ ያቺን ልጅ እወዳታለሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። እሷ በር ላይ ቆማ እኔን ስታየኝ፣ ተነስቼ በገዛ አፌ ልዘፍንላት ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ድምፄን የሚያውቁ ጓደኞቼ ናቸው ካንዙዬን ይዘው ያስቀመጡኝ።

አምስተኛ፣ በማግስቱ ቢሮዎ መጥቼ እግርዎ ሥር ስወድቅ ስለ ሰጡኝ መፍትሔ አመሰግናለሁ። «አዲስ ሞዴል ገብቷል እኮ፤ ለምን ይሄን ጥለው እሱን አይወስዱም?» አሉኝ። እኔም የዋህ ነኝና ቃልዎን እንዳለ ለሴንጋ ናሉዎጋ አደረስኩ። እሳቸውም፣ «ለመሆኑ እኚህ ሥራ አስኪያጅ ስንት ሚስት ፈተዋል?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም ብያለሁ። ሆኖም ሴንጋ ፍትሐዊ ሰው ናቸውና የሆድ ዕቃውን መቀየር ፈቅደዋል፤ «ሰውም ጥርሱን ያስነቅላል፤ ተነቀለ ብሎ ሌላ ሰው አይሆንም» ብለዋል። እኔ የለመንኋችሁም ይህችኑ አንዲት ጥርስ ነበር።

ይህም ሳይሆን ሲቀር መላውን የዘየደችው ናሙቢሩ ናት። ደውላ፣ «ሮጀርስ፣ ያ ዕቃ የማይጠፋው የት ነው?» አለችኝ። ጥገና ማዕከሉ አልኳት። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» ብላ ስልኩን ዘጋችው። አባቷም ነገሩን ካብላሉት በኋላ፣ በየትኛው ዕቃ እንደምትጠራ እንጂ የት እንደምትጠራ ቃል አላወጣሁም ብለው ፈቅደዋል።

ስለሆነም በመጪው ቅዳሜ ኩዋንጁላችንን በእርስዎ ማዕከል የምናካሂድ መሆኑን በደስታ እገልጻለሁ። የእኛ ወገን በእንግዳ መቀበያው፣ የሙሽራዋ ወገን በመለዋወጫ ዕቃዎች በኩል ይቀመጣል። ሙሽራዋ የምትወጣው ከእርስዎ ቢሮ ነው፤ በማዕከሉ ውስጥ ጎሜሲ የሚያሳልፍ ሰፊ በር ያለው እሱ ብቻ ነውና። አቶ ኦጓል ከላፕቶፑ ፊት ይቀመጣሉ። ካልጠፋ እኔ አገባለሁ። ከጠፋም በባለሙያችሁ ፊት፣ ማሳካ በሙሉ እያየ ጠፋ ማለት ነውና፣ በደንባችሁ መሠረት እዚያው መዝግባችሁ፣ እዚያው ፈታችሁ፣ እዚያው ትጠግኑታላችሁ፤ ሙሽራዋም አንድ እግሯን ቢሮዎ ውስጥ አድርጋ እስክትጨርሱ ትጠብቃለች። አባቷም ወንበር ይዘው ይጠብቃሉ።

ለአፍታ እንኳ ያልተለየኝን ትዕግሥታችሁን እያመሰገንኩ፣ ለማዕከላችሁ ረጅም ዕድሜን፣ ለእርስዎም የቅዳሜ ጉልበትን እመኛለሁ።

የዋስትና ወረቀቱን እንደ ክርስትና ስሙ በቃሉ የሚያውቀው፣ ታማኝ ደንበኛዎ፣
ዱንጉ ሮጀርስ
ሙዚቃ አጫዋችና ሙሽራ ለመሆን አመልካች

ማስታወሻ፦ ይህን ሁሉ በዚያው በላፕቶፑ የጻፍኩት ስለሆነ አንድም ቃል አልጠፋብኝም። የተቀመጥኩት ከእርስዎ መጠበቂያ ክፍል ጥግ ነው፤ ያ በሄዱ በመጡ ቁጥር «ተስተናግደዋል?» እያሉ መልሱን ሳይሰሙ የሚያልፉት ሰውዬ እኔ ነኝ። ሴንጋ ናሉዎጋም አብረውኝ አሉ፤ አሁን ተነስተው ልጃገረዶቹ ለሚንበረከኩበት ምንጣፍ ወለሉን በክንዳቸው እየለኩ ነው። ቦታው ስለጠበባቸው፣ የቢሮዎ ግድግዳ እስከ ዓርብ ይነሳ እንደሆነ ጠይቅልኝ ብለውኛል።