ላፕቶፕሽ አልተበላሸም ነበር

ውድ ልጄ ጠሂራ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እናትሽም እኔም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን የምጽፍልሽ ሱቅ ውስጥ፣ ከጨርቁ ጥቅል ጀርባ ተቀምጬ ነው። ሹፌሩ ጁነዲን ቅዳሜ ዕቃ ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ስለሚወጣ በእጁ እልክልሻለሁ። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ስንት ጊዜ እንደደወልኩ አንቺው ታውቂያለሽ። «ደህና ነሽ? ሥራ እንዴት ነው?» ብዬ እዘጋለሁ።

ስለዚህ ሐሳቤን ሳልቀይር ዋናውን ላስቀድም። የዛሬ ሦስት ዓመት ላፕቶፕሽ የፈተናውን ገጽ አልከፍት ብሎ ፈተናው ያመለጠሽ ጊዜ፣ ላፕቶፑን ያስቆለፍኩት እኔ ነኝ። ኢምራን አይደለም። ወንድምሽ ምንም አያውቅም ነበር።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። አንድ እሁድ ከሱቅ በጊዜ ስመለስ የክፍልሽ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ላፕቶፑ ላይ አንድ ፈረንጅ ይታያል። አንቺ በእንግሊዝኛ ታወሪዋለሽ፣ ትስቂያለሽ። ሰውየው ለፈተና የሚያለማምድሽ አስተማሪ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ለእናትሽ ብቻ ነግረሽ፣ ለእኔ ውጤቱ ሲመጣ ልታበስሪኝ ነበር አሉ። እኔ ግን ያን ቀን ያየሁት፣ ልጄ ከማላውቀው ሰው ጋር፣ በማላውቀው ቋንቋ፣ እኔ ፊት ስቃ የማታውቀውን ሳቅ ስትስቅ ነው። ጠርቼ ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር። አልጠየቅኩሽም። ፈራሁ።

በማግስቱ ፉርቃንን አማከርኩት። ያን ጊዜ ከሱቃችን በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሞባይልና ኮምፒውተር ይጠግን የነበረው ነው። የፈቀድኩት ገጽ ብቻ እንዲከፈት፣ ሌላው እንዲዘጋ የሚያደርግ ፕሮግራም እንዳለ ነገረኝ። ምን ምን ይከፈት ሲለኝ ቁርኣኑ፣ መዝገበ ቃላቱና የትምህርት ቤትሽ ገጽ አልኩት። ከዚያ በላይ የሚቆጠር ነገር አላውቅም ነበር። ማክሰኞ አንቺ ከእናትሽ ጋር በወጣሽበት ላፕቶፑን ወሰድኩለት። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም።

ማታ እራት ላይ «ላፕቶፔ ምን እንደሆነ እንጃ» አልሽ። ኔትወርክ ይሆናል አልኩሽ። ኢምራን የዋይፋዩን ሳጥን አጥፍቶ አበራው። የሱ ስልክ ሁሉንም ይከፍታል፤ ያንቺ ላፕቶፕ ሁለት ሦስት ገጽ ከፍቶ ሌላው ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከስልኩ ኢንተርኔት አገናኘሽ፣ ያው ነው። ያኔ ነው እያለቀስሽ የነገርሽን። ማሌዥያ ፋርማሲ ለመማር ነፃ ዕድል እንዳለ፣ የመጨረሻው ፈተና አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሆነ፣ የሚከፈተውም ቀድሞ በተመዘገበው በዚያው ላፕቶፕ ላይ ብቻ እንደሆነ። በኢምራን ስልክ ለፈታኞቹ ጻፍሽላቸው። ኮምፒውተር ለመቀየር ከሳምንት በፊት ማሳወቅ ነበረብሽ የሚል መልስ መጣ።

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር ልጄ። እኔ ግን ነገ ጠዋት ፉርቃን ይፈታዋል፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል ብዬ እራቴን ጨርሼ ተነሳሁ።

ጠዋት ስሄድ የፉርቃን በር ተቆልፏል። ዘመድ ሞቶበት ድሬዳዋ ሄዷል አሉኝ። ስልኩ ዝግ ነው። አንቺ በበኩልሽ ላፕቶፑን አቅፈሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ኮምፒውተር ጠጋኙ ጋሽ ወልደሚካኤል ዘንድ ልትሄጂ ስትወጪ አብሬሽ ወጣሁ። «ሱቁን ትተህ?» ብለሽ ደስ ሲልሽ አየሁ። ጋሽ ወልደሚካኤል ቫይረስ ፈለገ፣ የለም። ቀንና ሰዓቱን አየ፣ ልክ ነው። ኢንተርኔት የሚከፍተውን ፕሮግራም አጥፍቶ እንደገና ጫነው። አዲስ ነገር በሞከረ ቁጥር አንገትሽን አስግገሽ ታያለሽ፤ ከዚያ ትመለሻለሽ። በመጨረሻ ሁሉንም ደምስሼ እንደ አዲስ ልጫነው ሲልሽ የፈተናው ምዝገባ አብሮ ይጠፋል ብለሽ እምቢ አልሽ። ስንት ዓመት የሠራ ሰው መነጽሩን አውልቆ አልገባኝም ሲል፣ የሚገባኝ እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ሐሙስን ሙሉ ፉርቃንን ስፈልግ ዋልኩ። ጎጃም በረንዳ አጎቱ መጋዘን ድረስ ሄጄ ሌላ ስልክ ቁጥር ተቀበልኩ። እሱም አይነሳም። የአላህ ነገር ሆኖ አርብ ሰባት ተኩል ላይ እሱ ራሱ ደወለ። ከአንዋር መስጊድ ሰው ግልብጥ ብሎ እየወጣ ስለነበር አንድ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ ነው የሰማሁት። የትኞቹን ቁልፎች አንድ ላይ እንደምጫን፣ ትንሽ ሳጥን ስትመጣ ምን እንደምጽፍባት ነገረኝ። የይለፍ ቃሉን ፊደል በፊደል ሲያስቆጥረኝ ካርቶን ቀድጄ ጻፍኩ። «ትልቁ፣ ትንሹ» ይለኛል። እኔ የእንግሊዝኛ ፊደል የማውቀው የጨርቅ ጥቅል ላይ ካለው ጽሑፍ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሁሉም ትልቁ ነው። ተለዋውጠውብኝ ይሆናል ብዬ እንኳ አልጠረጠርኩም።

ሰጋጁን እየገፋሁ ቤት ስደርስ ከስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። አንቺ እናትሽ ክፍል ገብተሽ ትሰግጃለሽ። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ክፍት ነው። የተባልኩትን ቁልፍ ስጫን ሳጥኗ መጣች። ጻፍኩ። ቀይ ጽሑፍ መጣ። እንደገና በአንድ ጣቴ እየፈለግኩ ጻፍኩ፣ ቀዩ መጣ። በሦስተኛው ሳጥኗ ጠፋች፤ ብጫን ብጫን አልተመለሰችም። ሦስቴ ከተሳሳቱ ለአንድ ቀን እንደሚዘጋ በኋላ ሰማሁ።

ሌላው ሁሉ ባለማወቅ ነው ልል እችላለሁ። ይህ ግን አይደለም። አንቺ ግድግዳው ወዲያ ነበርሽ። ራሴ ሳልሞክር ሶላትሽን እስክትጨርሺ ጠብቄ ያቺን ካርቶን በእጅሽ ባስቀምጥ፣ ትልቁንና ትንሹን አንቺ ትለዪው ነበር። ገና ሃምሳ ደቂቃ ነበረሽ። ያልሰጠሁሽ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው እንዳትዪኝ ብዬ ነው።

ስትመጪ ካርቶኗን ኪሴ ከትቼ ወንበሩን ለቀቅኩልሽ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ገጹን ደጋግመሽ ትከፍቻለሽ፣ ነጭ ነው። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። እናትሽ መቁጠሪያዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች። አሥር ሰዓት ሲሆን እጅሽን ከላፕቶፑ ላይ አንስተሽ ትከሻዬ ላይ ተደገፍሽ። «አንተ እንኳን አብረኸኝ ነህ አባዬ» አልሽኝ።

በሳምንቱ ላፕቶፑ ይደምሰስ ብለሽ ለጋሽ ወልደሚካኤል መልሰሽ ወሰድሽው። ከመደምሰሱ በፊት ያን የተደበቀ ፕሮግራም አገኘው። ዕቃው አልተበላሸም፣ ሰው ነው የቆለፈው፣ ያውም ላፕቶፑን በእጁ ያገኘ የቤት ሰው አለሽ። ከቤታችን ኮምፒውተር የሚነካካ ኢምራን ብቻ ነው። ፈተናውን በነገርሽን ማታ «እሷ ከሄደች ሱቁ እኔ ላይ ሊወድቅ ነው» ብሎ ሲያጉረመርምም ሰምተሽዋል፤ ቀድሞ ከእናቱ የሰማ መስሎሻል። ወላሂ እኔ አይደለሁም አለሽ፤ አላመንሽውም። ከዚያ ወደ እኔ ዞርሽ።

«አባዬ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

«ያለፈ አልፏል፤ ተዉት» አልኩ።

ይህን ስል በገዛ ወንድ ልጄ ላይ እንደመሰከርኩ ገብቶኛል። ኢምራን አየኝ። የፈረድኩበት መስሎት አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አንቺም በወሩ ኮምቦልቻ አክስትሽ ዘንድ ሄድሽ፤ እዚያው ክሊኒክ ካርድ ክፍል ተቀጠርሽ። ሦስት ዓመት ሙሉ ወንድምሽን ስልክ አላነሳሽለትም። በየዒዱ ይደውልልሻል፣ አየዋለሁ። ሳይነሳለት ሲቀር ስልኩን ኪሱ ከትቶ ደንበኛ ወደማስተናገዱ ይመለሳል።

ባለፈው ማክሰኞ ፉርቃን ከድሬዳዋ መጥቶ ሱቅ ጎራ አለ። ኢምራን ጨርቅ ለክቶ እየቆረጠ ነው። ፉርቃን ከተቀመጠ በኋላ «ጋሼ በሽር፣ የልጅዎ ላፕቶፕ ያኔ ተከፈተልዎ?» አለኝ። ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። የኢምራን መቀስ ጨርቁ ላይ ሲቆም ግን አስታውሳለሁ።

እስክንዘጋ ጨርቁን ሲለካና ሲቆርጥ ቆየ። በሩን ከቆለፈ በኋላ ቁልፉን ሲሰጠኝ «እኔ አልነግራትም። አንተ ንገራት» አለኝ። አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠሂራ፣ ረቡዕ ጋሽ ወልደሚካኤል ዘንድ ሄጄ ያ ፈተና ዳግም ይኖር እንደሆነ እንዲያይልኝ ለመንኩት። ፈልጎ አገኘው፤ አሁንም አለ፣ ግን ዕድሜሽ አልፏል። ሌላ ተመሳሳይ እንዲፈልግልኝ ነግሬዋለሁ፤ ተስፋ ልሰጥሽ ግን አልደፍርም። የማውቀው ጨርቅ መሸጥ ብቻ ነው። ያጠፋሁትን በምን እንደምመልሰው ሳስብ እውላለሁ፤ አንድም አይመጣልኝም።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ለወንድምሽ ደውዪለት። ምን እንደምትዪው አንቺ ታውቂያለሽ። እኔን አፉ በዪኝ ብዬ የምጠይቅበት አፍ የለኝም፤ መልስ ባትሰጪኝም አልቀየምሽም። ጁነዲን ሰኞ ሲመለስ ደብዳቤ ሰጠችህ ወይ ብዬ አልጠይቀውም። ፊቷን አይተህ፣ ደህና መሆኗን ብቻ ንገረኝ ብዬዋለሁ።

አባትሽ በሽር
አዲስ ከተማ፣ ሐሙስ ከሰዓት