ሮቦቱ ቢሯችን የገባበት ሳምንት

ሰኞ

እጅ የለውም። እግርም የለውም። ሥራ አስኪያጃችን ወ/ሮ ሂሩት «ሮቦት ልናስገባ ነው» ካሉን ጀምሮ እኔ የምጠብቀው የብረት ሰው ነበር። ዛሬ ናሆም የሚባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥቶ ላፕቶፑን ከፈተ፣ በቃ። ፕሮግራም ነው። ፋርማሲዎች ለእኛ ለአከፋፋዮቹ በኢሜይል የሚልኩትን የመድኃኒት ትእዛዝ እያነበበ ኮምፒውተር ላይ ይመዘግባል። ማለትም እኔና ጋሼ ቶሎሳ ቀኑን ሙሉ የምንሠራውን።

«ማንም አይባረርም» አሉ ወ/ሮ ሂሩት። ቆየት ብለው «ለጊዜው» ብለው ጨመሩ። ያቺን ቃል ይዤ ነው ቤቴ የገባሁት።

ማክሰኞ

ናሆም አጠገቤ ተቀምጦ ዋለ። ትእዛዝ ስከፍት፣ የመድኃኒቱን ስም ስፈልግ፣ ብዛቱን ስጽፍ፣ እያንዳንዷን ነገር ይቀርጻል። «በጣም ፈጣን ነሽ» አለኝ። አመሰገንኩት። በኋላ ሳስበው ግን ከፋኝ። እዚህ መሥሪያ ቤት የምታወቀው በፍጥነቴ ነው፤ እሱኑ ቁጭ ብዬ እያስረከብኩ ነው።

ይበልጥ ያሳሰቡኝ ጋሼ ቶሎሳ ናቸው። ጡረታቸው ገና ነው። በዚህ ዕድሜ የት ሄደው ሥራ ይጠይቃሉ? ምሳ ላይ «አይዞዎት» ልላቸው ፈልጌ አፈርኩ።

ረቡዕ

ተሞከረ። የማውሷ ቀስት ማንም ሳይነካት ስክሪኑ ላይ ትሄዳለች፤ ቁጥሮቹ በራሳቸው ይሞላሉ። የአርሲ ነገሌ፣ የደራ፣ የመተሐራ ትእዛዞች ማኪያቶዬ ሳይቀዘቅዝ አለቁ። ዞር ስል ጋሼ ቶሎሳ ፈገግ ብለዋል። ዓይናቸውም እንባ አቅርሯል።

ተናደድኩ። ናሆም ሲወጣ «ጋሼ፣ ይሄ ደስ ይላል?» አልኳቸው።

በሩን ዘጉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ልጄ፣ ዓይኔ ከድቶኛል» አሉ።

ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ስክሪኑ ይጨልምባቸዋል፤ አምስትና ሃምሳ ይምታታባቸዋል። እኛ ከወጣን በኋላ የሚቆዩት ሥራ ወዳድ ስለሆኑ ይመስለኝ ነበር። ለካ የጻፉትን በስልካቸው ፎቶ እያነሱ፣ እያጎሉ ያርማሉ።

«አንድ ቀን በእኔ ስህተት ሰው ይሞታል እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ይሄ ነገር ገላገለኝ።»

ለማን ነገሩ? ለማንም። ለባለቤታቸው እንኳ አልነገሩም።

ሐሙስ

ወ/ሮ ሂሩት ጠሩኝ። ሮቦቱ ያልገባውን ትእዛዝ ለብቻ ያስቀምጣል፤ እሱን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። አንድ ሰው። «አንቺን ነው ያሰብኩት» አሉኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። «ጋሼ ቶሎሳስ?»

«እናነጋግራቸዋለን።»

እንዲህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለ ዓይናቸው ልናገር አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። እሳቸው የሚናገሩት እንጂ የእኔ ጉዳይ አይደለም። ይልቅ ስለ ስልኩ አነሳሁ። ፋርማሲዎች ሲደውሉ እኛ ጽሑፍ ላይ ስለሆንን አናነሳም፤ ደንበኛ ሲያማርር ይውላል። ጋሼ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው፤ ሰው ማናገርም ያውቁበታል። «ስልኩን እሳቸው ቢይዙትስ?» አልኩ።

«አስብበታለሁ» አሉ። ከልባቸው ነው ወይስ እንድወጣላቸው?

ዓርብ

ጠዋት ለጋሼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ለእኔ የታሰበውን ቦታም ሳልደብቅ። ይቀየሙኛል ብዬ ነበር። ኮታቸውን አስተካክለው ተነሱ። «እንግዲያው እኔው ራሴ ልንገራት» ብለው ወደ ወ/ሮ ሂሩት ቢሮ ገቡ።

ናሆም ያወራኛል፣ አልሰማውም። የማየው በሩን ነው።

ወጡ። ተቀመጡ። ውሃ ጠጡ። እንደነገሩኝ፣ ወ/ሮ ሂሩት መጀመሪያ ተቆጥተዋል፤ «መድኃኒት ላይ እየሠሩ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይደብቃሉ?» ብለው። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ሰኞ ሐኪም ቤት እንዲሄዱ ፈቃድ ሰጧቸው። ስልኩንም ለሙከራ ይይዛሉ። ከሙከራው በኋላ ስለሚሆነው ምንም አልተባለም።

ቅዳሜ

ግማሽ ቀን። ሮቦቱ በእጅ ተጽፎ ፎቶ የተነሳ ትእዛዝ ሲመጣበት ግራ ይገባውና ወደ እኔ ይልከዋል። እነሱን ሳነብ አረፈድኩ። ጣቶቼ ሥራ ፈትተዋል። እዚህ ሥራ ላይ ምን ያህል ጊዜ እንደምቆይ እንጃ።

ጋሼ ከጎኔ ስልክ ያነሳሉ። «አከም ጅርቱ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ይላሉ። ከደራ የደወለችው ፋርማሲስት ሰው ስላነሳላት ገርሟት መሰለኝ፣ ሳቋ እኔ ድረስ ተሰማ። እሳቸውም ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።

ስንወጣ አስፋልቱ ዳር ቆሙ። ባጃጁ እንደ ጉድ ይተራመሳል። ክንዴን ያዙ።

«ዛሬ ለባለቤቴ እነግራታለሁ» አሉ።

«ሰኞ አብሬዎት ልሂድ?»

«ሥራሽስ?»

«አስፈቅዳለሁ።»

መንገዱ ቀለል ሲል ተሻገርን፤ ከተሻገርንም በኋላ ክንዴን አልለቀቁም።