ከእኔ ቀድማ የምትደርሰው

ሰኞ፣ ግንቦት 10። አመሻሽ፣ 12 ሰዓት ተኩል

ጫማዬን እያራገፍኩ ነው። ጭቃው ከእኔ ይከብዳል። ዛሬ ለምርጫ ቅስቀሳ አሥራ አራት ቤት። ከጂንካ በላይ ያለው ቀበሌ፣ ከእንሰት ወደ እንሰት። ዝናብ ሁለቴ መታኝ። ፓርቲያችን ጃንጥላ የለው፣ ቆብ ብቻ።

አንድ ነገር ልንገርህ ደብተሬ። ሦስተኛው ቤት ወ/ሮ ዘነበች ገና በሩ ላይ ስታየኝ፣ "ዛሬ ደግሞ መጣሽ? ሐሙስ ስማችንን ጽፈሽ የለ?" አለችኝ። ሐሙስ እኔ ቀይ አፈር ገበያ የቅስቀሳ ወረቀት ስበትን ነበር። ሳቅኩ። ሰባተኛው ቤትም ያንኑ አሉ። አሥረኛውም። ሐሙስ ሰብለ መጥታ ስማቸውን ከነመታወቂያ ቁጥራቸው ወስዳለች። ሰብለ እኔ ነኝ።

ለመ/ር መኮንን ነገርኩት። አስተባባሪያችን ነው፣ ጡረተኛ። ቆብ ያደረገች ከተሜ ሁሉ ለእነሱ አንድ ናት አለና ሳቀ። አብሬው ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን መስታወት ፊት ቆምኩ። ምን እንደምፈልግ እንጃ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11። 10 ሰዓት

ተመልሼ ሄድኩ። ዘነበችን አጥብቄ ጠየቅኳት። ምን ዓይነት ሴት? "አንቺው ነሻ!" ትላለች፣ የምቀልድ መስሏት። ቁመቷ? ያንቺው። ቆቡ? ያው። ከላይ ነጠላ? አዎ፣ እንዳንቺ። ስለ ላሟም ጠይቃታለች። እግሯ ሻረ ወይ ብላ።

የላሟን እግር ማበጥ ዘነበች የነገረችኝ ሚያዝያ ላይ ነው። ብቻችንን ቆመን። ማንም አልነበረም።

በጠራራ ፀሐይ ብርድ ብርድ አለኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12። ጽ/ቤት

ገባኝ። ምነው ባልገባኝ።

የቤት ለቤት መዝገባችን! ማን እንደሚመርጠን፣ ማን ታዛቢ ለመሆን እንደፈረመ፣ የማን ላም እንደታመመች፣ ሁሉን እጽፋለሁ። ሰው ጉዳዩን ስታስታውሽለት ይወድሻል ብሎ ያስተማረኝ መ/ር መኮንን ነው። ጎበዝ ተብዬበታለሁ። መዝገቡ መሳቢያው ውስጥ ነው። ቁልፉ አልተሰበረም። አንድ ገጽ አልጎደለም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ተረጋግቶ፣ ገልብጦታል።

ቁልፉ ያለው እኔና መ/ሩ ጋ ብቻ። ፊቱ አመድ መሰለ። ተያየን። እንዲህ መተያየታችን አስጠላኝ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 13። ከሰዓት

ስማቸውን ለዚያች ሴት የሰጡት ሰዎች ቀበሌ እየተጠሩ ነው። አንድ በአንድ። የሚመታቸው የለ፣ የሚጠይቃቸው የለ። አግዳሚ ላይ ያስቀምጧቸዋል። ስማቸውን ያነቡላቸዋል። ለስላሳ ይሰጧቸዋል። ከዚያ ሂዱ። የዘነበች ባል ከተመለሰ ወዲህ ከላሟ ጋር እንጂ ከሰው አያወራም አሉ።

ቅስቀሳ ዛሬ አበቃ። ከነገ ጀምሮ ክልክል ነው። እናቴ በቃሽ ትላለች፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። እኔ የማስበው አንድ ሰው ነው። አቶ ጋርሾ። በዚያ ቀበሌ ምርጫ ጣቢያ የቀረን ታዛቢ እሱ ብቻ። ሌሎቹ ሁለቱ ትናንት ስማችንን ፍቁልን ብለዋል። እሁድ፣ የምርጫው ዕለት፣ ጋርሾ ካልተቀመጠ ሳጥኑን የሚያይ የእኛ ዓይን የለም። የዚያ ሁሉ ሰው ድምፅ የት እንደሚገባ ማንም አያውቅም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15። 9 ሰዓት

ያለ ቆብ ሄድኩ። ጋርሾ ቡናው ሥር አረም ይነቅላል። አልተነሳም። ነገ ማልደው ይምጡ፣ የታዛቢነት ባጁን እንዳይረሱ አልኩት።

"ትናንት መጥተሽ አትምጣ አልሽኝ። ሌላ ሰው ተተክቷል አልሽኝ። ባጁንም ወሰድሽ።"

እኔ አይደለሁም አልኩ። ይህን ሲጠብቅ እንደቆየ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

"እሱንም ነግረሽኛል። ነገ እኔን የምትመስል ትመጣለች፣ የትናንቷ እኔ አይደለሁም ትላለች፣ እንዳታምናት፣ አልሽ።"

መታወቂያዬን አወጣሁ። እሷም አሳይታዋለች። አለቀስኩ ደብተሬ፣ ከንዴት ብዛት። አልተቆጣኝም። ውሃ አምጥቶ ሰጠኝ። እያፈረ እንዲህ አለ፣ "አንቺን ሁለቴ ነው ያየሁሽ። እሷን ሦስቴ።"

ቁልቁል ስወርድ ሰው ሁሉ በስሜ ሰላም ይለኛል። ደህና ዋልሽ ሰብለ። እየመለስኩ አለፍኩ። ማንን ሰላም እንዳሉ ግን አላወቅኩም።

እሁድ፣ ግንቦት 16። ሲነጋጋ

መ/ር መኮንን ያለ ባጅ የጋርሾን ምርጫ ጣቢያ ብትጠጊ ያስሩሻል ብሎኛል። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ጂንካ የምመርጥበትን ትቼ ወደዚያ እወጣለሁ።

ባጁን ይዛ የታዛቢ ወንበር ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። ጋርሾ ድምፁን ሊሰጥ መሰለፉ አይቀርም። ሲገባ እሷን ያያል። ዞር ሲል በሩ ላይ እኔን። ጎን ለጎን ይየን። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያድርጉኝ።

እስሩን አስቤበታለሁ። የሚያንቀጠቅጠኝ ሌላ ነው። ሁለታችንን አይቶ፣ ለእሷ እጅ ነስቶ፣ "አንቺስ ማነሽ?" የሚለው እኔን ከሆነስ?

ቢሆንም እየሄድኩ ነው።